የኤግዞስት ማኒፎልድ ቀለም አረፋ አውጥቶ እንዳይላጥ

ከጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት) የተሠራ የኤግዞስት ማኒፎልድ፣ ማለትም የሞተሩን ጭስ ሰብስቦ ወደ ጭስ ማውጫው የሚያስተላልፈው ክፍል፣ ዝገቱ ተፍቆ ሙቀት የሚችል ቀለም ቢቀባም፣ ሞተሩ ጥቂት እንደሠራ ቀለሙ አረፋ አውጥቶ የሚላጠው ብዙ ጊዜ በብረቱ ውስጥ በቀረ ዘይት ምክንያት ነው። ጊዛ በውስጡ ባለው ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) እና በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ዘይት ስለሚይዝ፣ ላዩን በአሴቶን መጥረግ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ማኒፎልዱን ፈትታችሁ በሽቦ ብሩሽ ወይም በአሸዋ ርጭት እስከ ንጹሕ ብረቱ ከፈቃችሁት በኋላ፣ ምግብ በማይበስልበት ምድጃ ውስጥ አሙቁት፤ ዘይቱ ላብ መስሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ በአሴቶን ጥረጉትና፣ ባዶ ጊዛ በሰዓታት ውስጥ ዝገት ስለሚጀምረው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል የሲሊኮን ቀለም በስሱ ደራርባችሁ ቀቡት። እንዲህ ያለው ቀለም በአየር ቢደርቅም በደንብ የሚጠነክረው በሙቀት ስለሆነ፣ ሞተሩን መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ፣ ካቀዘቀዛችሁት በኋላ ደግሞ ረዘም አድርጋችሁ አስነሡት፤ ጭሱ ስለሚከብድ ይህ ደጅ ይሁን።

ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋር የሚገጥመውን ፊት ግን ቀለም አታስነኩት፣ በመካከላቸው የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ በትክክል አይቀመጥም። ዝገት ለመከላከል የሚደረገው የዚንክ ርጭትም፣ ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ ለዚህ ቦታ አይሆንም።