እባካችሁ ሰዓት ቆጣሪውን አውጡት

መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚረገጥ፣ የሚዳሰስ፣ የሚነዝር መጫወቻ እሠራለሁ። ወደዚህ ሥራ አዲስ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ስህተት ደጋግሜ አይቼ ስለመረረኝ ከእሱ ልጀምር።

እሱም የልጁን ዓይን ፋታ መንሳት ነው። ድምፁን በመብራት እንተካና ጨረስን እንላለን። በምልክት ቋንቋ የሚያወራ ልጅ እኮ የሚያዳምጠው በዓይኑ ነው! ሰሚ ልጅ ወለሉን እያየ መምህሩን ይሰማል፤ እሱ ግን ወይ ወለሉን ያያል ወይ መምህሩን። እኔ ራሴ መጀመሪያ የሠራሁት የሚበራ ወለል በየ2 ሰከንዱ ቦታ ይቀይር ነበር። አንዲት ልጅ ጓደኛዋ ምን እንዳለቻት ለማየት ቀና ባለች ቁጥር መብራቱ ያመልጣትና ቀይ ይበራባታል። በሦስተኛው ጫማዋን አጥልቃ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን የምሠራው ወለል ሰዓት ቆጣሪ የለውም፤ ልጁ እስኪረግጠው ይጠብቃል።

እጅም እንደዚያው ነው። ሁለቱንም እጁን የሚይዝ መጫወቻ መስጠት አፉን መያዝ ነው። ምልክትን ወደ ድምፅ የሚቀይር ጓንት ይዘው የሚመጡም አሉ። ቅንድብና አፍም የምልክት ቋንቋ ሰዋስው ውስጥ ናቸው፤ ጓንት እነሱን ከየት ያገኛል?

ፕሮጀክተሩ እንዲደምቅ ክፍሉን አታጨልሙ። ፊትና እጅ ካልታየ ወሬ የለም።

ንዝረት ላይ ደግሞ ድምፁን እንዳለ ወደ ሞተር የሚልኩ አሉ። ቆዳ ንዝረትን በደንብ የሚለየው 250 ሄርዝ (በሰከንድ 250 ንዝረት) አካባቢ ነው፤ የ«ስ» ድምፅ ጉልበት ግን በአብዛኛው ከ4000 ሄርዝ በላይ ስለሆነ ቆዳ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ቃሉን ትታችሁ ምቱን ስጡት። ሞተሩም ጸጥ ያለ ይሁን፤ አብዛኞቹ ልጆች የተወሰነ ይሰማሉ፣ የመስማት አጋዥ መሣሪያቸውም ጫጫታውን ያጎላዋል።

ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና የሚገጠም የመስሚያ መሣሪያ) ያለው ልጅ ከራስ ቆዳው ሥር ማግኔት አለው። ጠንካራ ማግኔት ያለበት ኮፍያ እንዳታስቡት።

መብራት በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ አይበል፤ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል።

የባትሪውን ክዳን በብሎን እሰሩ። ሳንቲም የምታክል ሊቲየም ባትሪ የዋጠ ሕፃን በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮው ክፉኛ ሊቃጠል ይችላል።