ከድሬዳዋ ተነስቶ የጃፓን ፊልም በውጭ አገር ሲኒማና ፌስቲቫል ለማየት

የጃፓን ፊልም በትልቅ ሸራ ላይ የማየት ፍላጎት ያለው የድሬዳዋ ወይም የሐረር ነዋሪ ለፊልም ብቻ ብሎ ባሕር እንዲሻገር አልመክርም። ከከተሞቻችን ብዙ ሰው ለንግድ ወደ ዱባይ፣ ለትምህርት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይመላለሳል። ጉዞው የማይቀር ከሆነ ቀኑን አንድ ሁለት ሳምንት ወዲህ ወይም ወዲያ በማድረግ ከአንድ ፌስቲቫል ጋር ማገጣጠም ይቻላል። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥ በፊት፣ የፌስቲቫሎቹን ወቅት በማወቅ ነው።

ከሁሉም አስቀድሜ የምጠቅሰው በጀርመን ፍራንክፈርት የሚካሄደውን ኒፖን ኮኔክሽንን ነው። ይህ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ለ6 ቀናት ያህል ይቆያል፤ በነዚህ ቀናት ወደ 100 የሚጠጉ ረጃጅምና አጫጭር የጃፓን ፊልሞች ይታያሉ። ፊልሞቹ በአመዛኙ በጃፓንኛ ድምፅና በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ስለሚቀርቡ፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ፍራንክፈርት ስለሚበር፣ ለእኛ አገር ተመልካች ከዚህ የተሻለ ምቹ ፌስቲቫል አላውቅም። በሚያዝያ ወር በጣሊያን ኡዲኔ የሚደረገው የሩቅ ምሥራቅ ፊልም ፌስቲቫል የመላው ምሥራቅ እስያ ቢሆንም የጃፓን ድርሻ ሰፊ ነው። በመስከረም ግድም በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ካሜራ ጃፓን፣ በሐምሌ ደግሞ በኒውዮርክ ጃፓን ከትስ የተባሉ ፌስቲቫሎች አሉ። በእንግሊዝ የጃፓን ፋውንዴሽን የተባለው የጃፓን መንግሥት የባህል ተቋም ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር የፊልም ዝግጅት ስላለው፣ ዘመዱ ከለንደን ውጭ የሚኖርም ሰው ዕድል አለው።

ቪዛን በተመለከተ አንድ ነገር አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ለጀርመን፣ ለጣሊያን፣ ለፈረንሳይና ለኔዘርላንድስ የሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚቀርበው ከጉዞው ቀን በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ነው፤ የፌስቲቫሉ ዝርዝር ፕሮግራም ግን የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ፕሮግራሙን አይቶ፣ ፊልሙን መርጦ፣ ከዚያ ቪዛ ልጠይቅ ማለት ስለማያዋጣ፣ ቀኖቹ ይፋ እንደሆኑ ማመልከቻውን ማስገባት ይሻላል። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ ደርሶ መመለስም ከዚህ ጊዜ ላይ መቀነስ አለበት። ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ድረ ገጽ ላይ በካርድ መክፈል አስቸጋሪ በሚሆንበት ጊዜ የፊልሙን ትኬት እዚያ በሚኖር ዘመድ ማስገዛት ወይም ከአዳራሹ ትኬት መሸጫ መግዛት ይቻላል።

ፊልሙን ከመምረጥ በፊት ግን የግርጌ ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። በጀርመን፣ በጣሊያንና በስፔን መደበኛ ሲኒማዎች የውጭ ፊልም በአብዛኛው በአገሩ ቋንቋ ድምፅ ተተክቶለት ይታያል። በጀርመን ማስታወቂያ ላይ «ኦ-ኤም-ኡ» የሚሉትን ፊደላት ያየ ሰው ፊልሙ በጃፓንኛ ድምፅ፣ ነገር ግን በጀርመንኛ ጽሑፍ እንደሚታይ ይወቅ፤ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው «ኦ-ኤም-ኤ-ኡ» የሚለው ነው። በፈረንሳይ «ቬ-ኦ» ዋናውን ድምፅ፣ «ቬ-ኤፍ» ፈረንሳይኛ የተተካበትን ያመለክታል፤ የ«ቬ-ኦ» የግርጌ ጽሑፍም ፈረንሳይኛ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በአሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ወይም ከባቡር ሠራተኛ አባቱ ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው በፓሪስ የሚገኘው የጃፓን የባህል ማዕከል የፊልም አዳራሽም በሩ ክፍት ነው። ድምፁ የተተካውን ፊልም ከነአካቴው እንዲተዉት እመክራለሁ፤ የጃፓን ፊልም ብዙውን ነገር የሚናገረው ተዋናዩ ሲያመነታ፣ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግና ጨርሶ ዝም ሲል ነውና፣ ይህን ሌላ ሰው በስቱዲዮ ተቀምጦ ሊተካው አይችልም።

ከፕሮግራም ላይ አንድ መስመር እንዴት እንደሚነበብ በምሳሌ ላሳይ። «ሜይ 28፣ 20፡15፣ 118 ደቂቃ፣ ዲሲፒ፣ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር» ቢል፣ ቀኑ በእኛ ግንቦት 20፣ ሰዓቱ ማታ 2፡15 ነው፤ ፊልሙ የሚያልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከዳይሬክተሩ ጋር ውይይት ካለ ግማሽ ሰዓት መጨመር ነው። ሰዓቱ 00፡30 ከሆነ ይበልጥ መጠንቀቅ ያሻል፤ እኛ የሐሙስ ሌሊት 6፡30 የምንለው በእነሱ አቆጣጠር ዓርብ ገብቷል። ርዝመቱንም ሳያዩ ማለፍ አይገባም፤ የዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» 207 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ ማታ የገባ ሰው ወደ ማረፊያው የሚመልሰውን የመጨረሻ ባቡር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። «ዲሲፒ» ማለት በዲጂታል መልክ የተዘጋጀ የሲኒማ ቅጂ ነው። በዚያ ቦታ «35 ሚሊ ሜትር» የሚል ከተገኘ በእውነተኛው ፊልም ጥቅል የሚታይ ነውና፣ እኔ ብሆን ሌላውን ትቼ ያንን እመርጣለሁ።

ፌስቲቫል ላይ ያመለጠን ፊልም በኋላ በኢንተርኔት አገኘዋለሁ ብሎ መተውም ጥሩ አይደለም። በጃፓን ብዙ ፊልሞች የሚሠሩት የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ መጽሐፍ አሳታሚ፣ የማስታወቂያ ድርጅትና አከፋፋይ በጋራ ገንዘብ በሚያዋጡበት የአምራቾች ኮሚቴ ነው። መብቱ በብዙ እጅ ስለሚገኝ ለውጭ ገበያ የመሸጡ ጉዳይ ሊጓተት ይችላል፤ ዲጂታል ቅጂውም ብዙውን ጊዜ ለተወሰኑ ቀናት ብቻ በሚሠራ የኮምፒውተር ኮድ ስለሚከፈት፣ አዳራሹ እንደፈለገ ደጋግሞ ሊያሳየው አይችልም። አንድ ፊልም በፌስቲቫል ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይታያል።

ጉዞው ከፌስቲቫል ጋር ሳይገጥም ቢቀር የቆዩ ፊልሞችን የሚያሳዩ አዳራሾች አሉ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐበሻው በብዛት በሚኖርበት አካባቢ፣ ኤኤፍአይ ሲልቨር የተባለው ሲኒማ የጃፓን ጥንታዊ ፊልሞችን ሲያሳይ ይገኛል። በዱባይ አልሰርካል አቬኑ ያለው ሲኒማ አኪልም ከንግድ ፊልሞች ውጭ የሆኑትን የሚያሳይ ነውና የሳምንቱን ፕሮግራም ማየት ይጠቅማል። ከአገር ለማይወጣ ሰው ደግሞ የጃፓን ፋውንዴሽን በጄኤፍኤፍ ቲያትር ድረ ገጹ ለተመዘገበ ሰው ፊልሞችን በነጻ ያቀርባል፤ የሚታዩት ፊልሞች እንደ አገሩ ይለያያሉ፣ ጊዜያቸውም የተወሰነ ነው። በድሬዳዋ ወይም በሐረር ማኅበር አቋቁሞ በአዳራሽ ለሕዝብ ማሳየት የሚፈልግ ቡድን ካለ ከኢንተርኔት ባወረደው ቅጂ ከሚጀምር፣ አዲስ አበባ ለሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ የባህል ክፍል ጽፎ እንዲጠይቅ እመክራለሁ፤ ፋውንዴሽኑ ያለ ትርፍ ለማሳያ የሚያውሳቸው ፊልሞች አሉት።

አዳራሽ ከገቡ በኋላ የሠራተኞቹ ስም ተዘርዝሮ መብራት እስኪበራ ድረስ ከወንበር አለመነሳት ይገባል፤ በጃፓን የተለመደው ይህ ነው፣ በፌስቲቫልም ዳይሬክተሩ ወደ መድረክ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው፣ አስተርጓሚው መልእክቱን በትክክል እንዲያደርስለት፣ በአጭሩ ስለ አንድ ትዕይንት ብቻ ይጠይቅ። ኒፖን ኮኔክሽን በተመልካች ድምፅ የሚሰጥ ሽልማት ስላለው፣ ከዚህ ተነስቶ እስከዚያ ድረስ ሄዶ ፊልሙን የወደደ ሰው ድምፁን ሳይሰጥ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ።