ባዮሱ ሲሻሻል የተቋረጠ ማዘርቦርድን ጭራሹን የሚያበላሹ ስህተቶች

ፒያሳ ወደሚገኘው የጥገና ጠረጴዛዬ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ሲሻሻል ተበላሸ ተብሎ አዲስ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ሲመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ የደረሰው በማሻሻያው አይደለም። ስክሪኑ ሲጨልም ባለቤቱ ደንግጦ የነካካው ነገር ነው ቦርዱን ለከፋ ችግር የሚዳርገው።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ቶሎ ማጥፋት ነው። ዲዲአር 5 ራም የሚጠቀሙ ቦርዶች፣ በተለይ ኤኤም 5 የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ ያላቸው፣ ባዮሳቸው ከተሻሻለ በኋላ ራሙን እንደ አዲስ ይለካሉ። ይህ ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ ራሙ በበዛ ቁጥርም ይረዝማል። በዚያ ጊዜ ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ቦርዱ ላይ የራም ምልክት የሆነችው ትንሽ መብራት ትበራለች። ቦርዱ ሥራ ላይ ነው! ሰው ግን ሁለት ደቂቃ ሳይታገስ ያጠፋዋል። መልሶ ሲያበራው ልኬቱ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ እንደገና ያጠፋዋል። አንድ የአራት ኪሎ ተማሪ ወንድሙ ከውጭ የላከለትን ቦርድ ሲያበራና ሲያጠፋ አድሮ፣ ጠዋት ደረቱ ላይ አቅፎት መጣ። «ጋሼ፣ ሞቷል አይደል?» አለኝ። ሰካሁትና እጁን እንዲሰበስብ ነግሬው ቡና አዘዝን። ስኒያችንን ሳንጨርስ የአምራቹ አርማ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ስለዚህ አደራ፣ ማራገቢያው እየዞረ ከሆነ ሩብ ሰዓት ሳትጠብቁ ማብሪያውን አትንኩ።

ባትሪ አውጥቶ መመለስን እንደ መድኃኒት የሚያዩም አሉ። ያቺ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ የምትጠብቀው ሰዓቱንና ቅንብሮቹን ነው። ባዮሱ ራሱ የተጻፈው ስምንት እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ላይ ሲሆን፣ ቺፗ ያለ ኤሌክትሪክም የተጻፈባትን ትይዛለች። ጽሑፉ መሃል ላይ ከተቋረጠ ባትሪ ማውጣት አይሞላውም። የተበላሸው ቅንብሩ ብቻ ሊሆን ስለሚችል አንድ ጊዜ ሞክሩት፤ ካልሠራ እለፉት።

ቀጥሎ መታየት ያለበት የቦርዱ ጀርባ ነው። ብዙ አዳዲስ ቦርዶች ያለ ፕሮሰሰርና ያለ ራም ባዮስን ከፍላሽ የሚጭን አዝራር አላቸው። አሱስ ፍላሽባክ፣ ጊጋባይት ኪው ፍላሽ ፕላስ ይለዋል፤ ኤምኤስአይም የራሱ አለው። «ሞክሬው አልሠራም» የሚሉኝ ሰዎች ፍላሽ ሳየው ፎርማቱ ፋት 32 አይደለም፣ ወይም ፋይሉ ከዚፕ አልወጣም፣ ወይም ስሙ አምራቹ በሚፈልገው መንገድ አልተቀየረም። ከዚህም ሌላ ለዚህ ሥራ ምልክት ከተደረገበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ውጭ ይሰኩታል። አሱስ ላይ መብራቷ አምስት ሰከንድ ያህል ብልጭ ብላ ሳታቋርጥ ከበራች ሥራው አልጀመረም ማለት ነው፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይጠቅምም።

የሞዴል ስም መመሳሰሉ አይበቃም። ቦርዱ ላይ የታተመውን የእትም ቁጥር አንብቡ፤ የ1.0 ፋይል ለ1.2 ላይሆን ይችላል።

መብራት በሚሄድበት ከተማ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካ መሣሪያ) ባዮስ አይነካም። ዩፒኤሱንም አስቀድማችሁ ከግድግዳው ነቅላችሁ ፈትሹት፤ ባትሪው ያለቀ ዩፒኤስ ኮምፒውተሩን ይዞት ይጠፋል።

ባዮሱ ያለባትን ቺፕ ፕሮግራመር በሚባለው የቺፕ መጻፊያ መሣሪያ በቀጥታ መጻፍ የመጨረሻው አማራጭ ነው። በርካሽ የሚገኘው ጥቁሩ ሲኤች 341ኤ ፕሮግራመር ቺፗን በ3.3 ቮልት ቢመግብም በመረጃ መስመሮቹ 5 ቮልት ይልካል። በ1.8 ቮልት የሚሠሩ ቺፖችም ስላሉ በቺፗ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳያነቡ ክሊፕ መሰካት ማቃጠል ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ያለውን ሁለቴ አንብባችሁ ሁለቱን ፋይሎች አመሳክሩና አስቀምጡ። የቦርዱ መለያ ቁጥር፣ በአንዳንዶቹም የኔትወርክ አድራሻው እዚያው ነው ያለው፤ ከሌላ ቦርድ የተቀዳ ፋይል ከጫናችሁበት ይጠፋል።

ቦርዱ ከተነሳ በኋላ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ ቢጠይቃችሁ ዲስኩ አልተበላሸም። ባዮሱ ሲቀየር ቁልፉን የሚጠብቀው የደኅንነት ማኅደር (ቲፒኤም) ሊጠፋ ወይም ለውጡን አይቶ ቁልፉን ሊከለክል ስለሚችል ነው። በስልካችሁ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ ቁልፉን ፈልጉ። «ፎርማት እናድርገው» ለሚል ባለሙያ ዲስኩን አትስጡ፤ የአንዲት ደንበኛዬ የመመረቂያ ጽሑፍ የጠፋው ቦርዷ ድኖ ሳለ በዚህ ምክንያት ነው።