ቅዳሴ ላይ አብሮ ማመስገን እንዴት ይቻላል?

ቅዳሴ የካህናቱ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ነጠላ አጣፍተን እንቆማለን፣ ሲያልቅ እንሄዳለን። መጽሐፈ ቅዳሴውን ሲገልጡት ግን ከ«ይ.ካ» (ይበል ካህን) እና ከ«ይ.ዲ» (ይበል ዲያቆን) ሌላ «ይ.ሕ» የሚል ምልክት ያገኛሉ። ይበል ሕዝብ ነው። የእርስዎ ድርሻ ያ ነው።

መጀመሪያ ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበትን መጽሐፍ ይያዙ። ስልክ ላይም አለ፤ ግን ቤት አንብበውት ይምጡ። ቅዳሴ መሀል ቴሌግራም ብቅ ካለ ሐሳብዎ አብሮት ነጎደ።

አሥራ አራቱንም ቅዳሴያት ለማጥናት አይሞክሩ። ከአኮቴት (ከምስጋናው ጸሎት) ይጀምሩ፦ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ከሚለው። ይህ ጸሎት በደፈናው ተመስገን ብሎ አያልፍም፤ ምክንያቱን ይዘረዝራል። ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና ይላል። ቅዳሜ ማታ ለየአንዳንዱ የራስዎን ነገር ያስቡለት። «ሰውሮናልና» ሲባል ለጥቂት የተረፉበት የታክሲ አደጋ፣ «ረድቶናልና» ሲባል የጎደለ የቤት ኪራይ የሞላልዎት ወንድም ይታወስዎት። ጠዋት ካህኑ ያንን ቃል ሲያነሱ ምስጋናው ከየት እንደሚመጣ ያውቁታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ መልሶቹን ይያዙ። ካህኑ «አእኵትዎ ለአምላክነ» (አምላካችንን አመስግኑት) ሲሉ «ርቱዕ ይደሉ» ይበሉ፤ እውነት ነው፣ ይገባዋል። «አልዕሉ አልባቢክሙ» (ልባችሁን ከፍ አድርጉ) ሲሉ ደግሞ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፤ ልባችን በአምላካችን ዘንድ ነው። የምሳውን ወጥ እያሰቡ ይቺን ማለት ትንሽ ታሳፍራለች። ያጋጥማል፤ ልብን መለስ አድርጎ መቀጠል ነው።

ዜማው ካልያዘልዎ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ሕዝቡን ይከተሉ። ልጆችዎን አጠገብዎ ያቁሙ፤ ከእኛ ቀድመው ነው የሚይዙት። አሜሪካ ባሉ አንዳንድ አጥቢያዎች ጽሑፉ በስክሪን ስለሚታይ እዚያ ተወልደው ላደጉት በጣም ያግዛል።

ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል የተቀመጠ ይነሣል፣ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ወደ ምሥራቅ ይታያል። ለታመመና ላረጀ ማንም አይፈርድበትም።

መጨረሻ ላይ «እትዉ በሰላም» (በሰላም ግቡ) ሳይባል አይውጡ። ጭብጨባውና እልልታው ከዚያ በኋላ በመዝሙሩ ሰዓት ይደርሳል።