አሮጌ ላፕቶፕን የሳሎን ፊልም ማጫወቻ ማድረግ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

አሥር ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ለሥራ ከበደው ማለት አበቃለት ማለት አይደለም። ፊልም ለማጫወት፣ ሙዚቃ ለማሰማት፣ የቤተሰብ ፎቶ በትልቅ ስክሪን ለማሳየት የሚያስፈልገው አቅም ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። ስክሪኑ ቢሰበር፣ የኪቦርዱ ግማሽ ባይሠራ፣ ባትሪው ቻርጅ ባይዝ እንኳ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ያገለግላል። ብዙ ላፕቶፕ ያለ ጊዜው የሚጣለው ምልክቱና መንስኤው ስለሚምታታ ነው። «ቀርፋፋ ነው» የተባለው ሙቀት ያፈነው ሊሆን ይችላል። «ቪዲዮ አይችልም» የተባለው ደግሞ የማያውቀው ዓይነት ፋይል ተሰጥቶት ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቱን ለዩ።

ከሁሉም በፊት ግን ባትሪውን እዩ። ታችፓዱ ወደ ላይ ተነስቷል? የታችኛው ክዳን አልገጥም ብሏል? ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ይወዛወዛል? ባትሪው አብጧል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት። ከላፕቶፑ አውጡትና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚቀበል ቦታ ስጡ። አብዛኛው ላፕቶፕ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይሠራል። አንዳንዱ ሞዴል ግን ባትሪ ሲያጣ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል፤ ይህንን ልብ በሉ።

ጨርሶ አይበራም

መጀመሪያ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አፍስሱለት። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ። ባትሪው ከውስጥ የተገጠመ ከሆነ የኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ላይ መንቀል ይበቃል። ቀላል ቢመስልም ሞተ የተባለ ስንት ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ተነስቷል።

አሁንም ከሌለ ቻርጀሩን ጠርጥሩ። በተለይ የተዋሳችሁት ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ቮልቱ ላፕቶፑ ከሚጠይቀው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከ19 እስከ 20 ቮልት ነው። አምፒሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ችግር የለውም።

መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ ዞሮ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ራሙን (የጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታውን ካርድ) አውጥታችሁ ወርቃማውን ጠርዝ በንጹህ ነጭ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ አሹትና መልሳችሁ ግጠሙት። ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ ሞክሩ። ሁለተኛ፣ ክፍሉን አጨልማችሁ የስልካችሁን መብራት ወደ ስክሪኑ በሰያፍ አብሩ። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታያችሁ የሞተው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ብቻ ነው። ለእኛ ጉዳይ ደግሞ ስክሪኑ አያስፈልግም። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙትና የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጭናችሁ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሩ።

ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ብራውዘሩ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ካላችሁ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ አልቃለች። ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት። እሷን መቀየር በቂ ነው።

ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ድንገት ይጠፋል

አሮጌ ላፕቶፕን ከምንም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበረደለት ይጠፋል። ስለዚህ ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄዶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስታክ ማድረግ ከጀመረ ኮምፒውተሩ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው።

መንስኤው ከውጭ አይታይም። የኋላ ክዳኑን በካቻቪቴ ፈትታችሁ ፋኑን ስታነሱ፣ በፋኑና በቀጫጭን የብረት ቅጠሎቹ መካከል እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተጠቀጠቀ ግራጫ አቧራ ታገኛላችሁ። አየሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ከውጭ እፍ ማለት አቧራውን መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። በጣታችሁ ወይም በፒንሴት ልጣችሁ አንሱት፣ ቅጠሎቹን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። አየር የምትነፉ ከሆነ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ ያለ ልክ ከዞረ መዘውሩ ይበላሻል።

እግረ መንገዳችሁን ቴርማል ፔስቱን ቀይሩ። በፕሮሰሰሩና ሙቀቱን በሚወስደው መዳብ መካከል ያለው ይህ ቅባት ከዓመታት በኋላ ደርቆ ይፈረፈራል፤ ሙቀትም አያስተላልፍም። አሮጌውን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በማይበጣጠስ ጨርቅ ጠርጋችሁ በአተር ፍሬ መጠን አዲስ አድርጉ። የመዳቡ ብሎኖች አጠገብ ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ስታጠብቁ በቁጥሩ ቅደም ተከተል፣ ስትፈቱ ከኋላ ወደ ፊት ሂዱ። አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ፕሮሰሰሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ደግሞ ላፕቶፑን በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ጨርቅ ላይ አታስቀምጡት።

ለመነሳት ዘላለም ይፈጃል

ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና የዲስኩን መስመር እዩ። ምንም ሳትሠሩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ጥፋተኛው ተሽከርካሪው ሃርድ ዲስክ ነው። በሳታ ሶኬት የሚገናኝ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ቀይሩበት። አሮጌው ዲስክ በሰከንድ ወደ 100 ሜጋባይት ሲያነብ ኤስኤስዲው እስከ 500 ይደርሳል። ላፕቶፑ በጣም አሮጌ ከሆነ ሙሉውን ፍጥነት ባያገኝም ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ፊልሞቹ ሌላ ዲስክ ላይ ስለሚቀመጡ 120 ጊጋባይት ይበቃል። የቆየው ዲስክ የሚንቋቋ ድምፅ ካሰማ ግን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ፎቶና ሰነዶቻችሁን ገልብጡ።

አንድ ነገር ብቻ መግዛት ከቻላችሁ እኔ ኤስኤስዲውን እመርጣለሁ። ራም 4 ጊጋባይት ካለ ለዚህ ሥራ ይበቃል። የምትጨምሩ ከሆነ ዲዲአር 2፣ 3 እና 4 እርስ በርስ እንደማይተካኩ አትርሱ።

ሲስተሙንም አስቡበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽን አይቀበልም። ብራውዘርም መጠቀም ለሚፈልግ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላሉ ዓይነት ጥሩ ነው። ላፕቶፑ ሲበራ በቀጥታ የፊልም ማውጫ ብቻ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ሊብሬኤሌክን ጫኑ። ኮዲ የተባለውን ማጫወቻ ብቻ የሚያስነሳ በጣም ቀላል ሲስተም ነው። ሲጫን ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ስለሚያጠፋው በውስጡ ያለውን ቀድማችሁ አውጡ።

ቪዲዮው ይቆራረጣል

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። አንድ ፊልም ከጓደኛው ጋር ያንኑ 1080 ጥራት ይዞ አንዱ እንደ ውሃ ሲፈስ ሌላው ይንተፋተፋል። ልዩነቱ የታመቀበት መንገድ፣ ማለትም ኮዴኩ ነው። የላፕቶፑ የግራፊክስ ክፍል የሚያውቀው ኮዴክ ከሆነ ሥራውን ራሱ ይሸከማል፤ ፕሮሰሰሩም ያርፋል። የማያውቀው ከሆነ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

ኢንቴል ላፕቶፖችን ብንወስድ፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ኤች 264 የተባለውን ኮዴክ ያለ ችግር ያጫውታሉ። አዲሱን ኤች 265 በግራፊክስ ክፍሉ የሚፈታው ከ6ኛው የፕሮሰሰር ትውልድ፣ ከ2015 ጀምሮ ነው። ባለ 10 ቢቱን ኤች 265ና ዩቲዩብ የሚወደውን ቪፒ 9 የሚችለው ከ7ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ኤቪ 1 ደግሞ 11ኛውን ይፈልጋል።

የእናንተን ፋይል ለማወቅ፣ ኮዲ ላይ ፊልሙ እየሄደ የኦ ፊደልን ቁልፍ ተጫኑ። ኮዴኩ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፤ አጠገቡም ሥራውን ግራፊክሱ ወይስ ፕሮሰሰሩ እንደያዘው ይታያል። ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ላይ ቱልስ ከሚለው ሜኑ ስለ ኮዴክ መረጃ የሚሰጠውን ክፈቱ። ፋይሉ ኤች 265 ሆኖ ላፕቶፑ የማይችለው ከሆነ፣ ጠንከር ባለ ኮምፒውተር ላይ ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ኤች 264 ቀይሩት። የፋይሉ መጠን ሊያድግ ይችላል፤ ግን ይሄዳል።

ዩቲዩብ ሲንቀረፈፍም ያው ነው። ቪዲዮው ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ስትመርጡ ኮዴክ የሚል መስመር አለ። ቪፒ 09 ወይም ኤቪ 01 የሚል ከሆነ ብራውዘሩ ላይ ኤች 264 ኢፋይ የተባለውን ተጨማሪ ጫኑ። ዩቲዩብ በኤች 264 እንዲልክ ያስገድደዋል። ጥራቱ ከ1080 አያልፍም፤ ለዚህ ላፕቶፕ ግን ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ያ ሁሉ ደህና ሆኖ ከኔትወርክ የሚመጣው ፊልም ብቻ ከተቆራረጠ፣ ያንኑ ፋይል ላፕቶፑ ላይ ገልብጣችሁ አጫውቱት። ከሄደ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። ቆየት ያለ የ100 ሜጋቢት የኔትወርክ ገመድ እንኳ ለብሉሬይ ፊልም ይተርፋል፤ የብሉሬይ ቪዲዮ ጣሪያው በሰከንድ 40 ሜጋቢት ነው።

ድምፁ ከላፕቶፑ ይወጣል፣ የምስሉ ጠርዝ ይቆረጣል

የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መውጫውን ኤችዲኤምአይ አድርጉ። የምታገናኙት በቪጂኤ ከሆነ ግን ቪጂኤ ድምፅ አይሸከምም፤ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሌላ ገመድ ዘርጉ። የተቆረጠው ጠርዝ የቴሌቪዥኑ ጉዳይ ነው፦ የምስል መጠን ሴቲንጉ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚል አማራጭ ፈልጉ።

የአማርኛው ሰብታይትል ባዶ ሳጥን ይሆናል

ማጫወቻው የመረጠው ፎንት ፊደላችንን አያውቅም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ጫኑና በሰብታይትል ሴቲንግ ውስጥ ፎንቱን እሱ አድርጉ። ከሳጥን ይልቅ ትርጉም የሌለው የምልክት ድብልቅ ከታየ መነሻው ሌላ ነው፤ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ ዩቲኤፍ 8 በሚለው አስቀምጡት። ኖትፓድ ላይም አማርኛው የማይነበብ ከሆነ፣ ፋይሉ በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተሠራ ሊሆን ይችላል። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ፊደላችንን ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ነበረው። እንዲህ ያለው ፋይል በመቀየሪያ ፕሮግራም ማለፍ አለበት።

ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፣ ትልቅ ፊልም አልገለብጥም ይላል

ለመጀመሪያው፣ ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ «ምንም አታድርግ» የሚለውን ምረጡ። በኪቦርዱ በኩል አየር የሚስብ ሞዴል ከሆነ ግን ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ለሁለተኛው፣ ዲስኩ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ስለተደረገ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

ሪሞት የለውም ብላችሁም አትጨነቁ። ኮዲን የሠሩት ሰዎች ኮሬ የሚባል የአንድሮይድ መተግበሪያ አላቸው፤ ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ኔትወርክ ላይ ከሆኑ ፊልም መምረጡም ማቆሙም ከሶፋ ሳይነሱ ይሆናል። ኮሬ ላፕቶፑን አላገኘውም ካለ ኮዲ ውስጥ ሰርቪስስ ከሚለው ገብታችሁ በኤችቲቲፒ መቆጣጠርን ፍቀዱ፤ የይለፍ ቃልም አብጁለት።