የሬክቲፋየር ቫልቭ ችግርና መፍትሔ፦ ቫልቩ ላይ ከታተመው ጽሑፍ በፊት ውስጡን ይመልከቱ

ሬክቲፋየር ቫልቭ በድሮ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ውስጥ ተለዋዋጩን የመብራት ኃይል ወደ ቀጥተኛ የሚለውጥ የመስተዋት ቫልቭ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ፊውዙን፣ የመብራት ገመዱንና የሶኬቱን ንጽሕና አስቀድሞ ለፈተሸ ሰው ነው። ከታች ያለው ሥራ ሁሉ ክዳን ተከፍቶ የሚሠራ ነው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም የማጣሪያው ኮንዴንሰር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ በሬዚስተር አራግፈው በቴስተር ሳያረጋግጡ እጅዎን አያስገቡ።

ምልክት፦ ሬክቲፋየሩ ከተለወጠ በኋላ የድምፅ ማውጫው ቫልቭ ፕሌት (ውስጡ ያለው የብረት ሳህን) ግሎ ቀይ ይሆናል፣ ወይም ትራንስፎርመሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ደጋግሞ ወደ እጄ የሚገባው ብልሽት ይህ ነው። 5ዋይ3ጂቲ፣ 5ዩ4ጂ እና አሜሪካኖች 5ኤአር4 የሚሉት ጂዜድ34 የተባሉት ሬክቲፋየሮች ሦስቱም ባለ ስምንት እግር ሶኬት ላይ ይቀመጣሉ፤ የሦስቱም ማሞቂያ 5 ቮልት ሲሆን በ2ኛውና በ8ኛው እግር ይገባል፤ ፕሌቶቻቸው ደግሞ በ4ኛውና በ6ኛው እግር ላይ ናቸው። አንዱ በሌላው ቦታ ስለሚገባና ሬዲዮውም ስለሚናገር ብቻ «ያው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ያው አይደለም። 5ዋይ3ጂቲ በ125 ሚሊአምፐር ጭነት ወደ 60 ቮልት የሚጠጋ በራሱ ላይ ሲያስቀር፣ ጂዜድ34 በ225 ሚሊአምፐር እንኳ የሚያስቀረው 17 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ጂዜድ34 በ5ዋይ3 ቦታ ሲገባ ቮልቴጁ በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ቮልት ያሻቅባል፣ የድምፅ ማውጫ ቫልቮቹም ይቃጠላሉ። 5ዩ4ጂ ግን የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው፤ ማሞቂያው 3 አምፐር ስለሚስብ፣ ለ2 አምፐር የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ላይ መሰካቱ ጥምጥሙን ቀስ በቀስ መጥበስ ነው።

የከፋው ደግሞ ስሙ ትክክል ሆኖ ውስጡ ሌላ ሲሆን ነው። አንድ ደንበኛ «ድምፁ አምሮበት ነበር፣ ከዚያ መሽተት ጀመረ» ብሎ ያመጣው አምፕሊፋየር ላይ የተሰካው ቫልቭ በደማቅ ፊደል 5ዋይ3ጂቲ ተብሎ ታትሞበታል። በፕሌቶቹ ክፍተት ሲታይ ግን በተገለበጠ ቪ ቅርጽ የተወጠረ ቀጭን ፊላመንት (የሚግል ክር) መታየት ሲገባው፣ ነጭ ቅብ ያለው ወፍራም የካቶድ (ኤሌክትሮን የሚለቀው ክፍል) ቱቦ ቆሟል። ቮልቴጁ ሰርኪዩት ሥዕሉ ላይ ከተጻፈው ወደ 50 ቮልት ይበልጥ ነበር፤ የድምፅ ማውጫዎቹ ሁለት 6ቪ6ጂቲ ቫልቮች ፕሌታቸው ግሎ ቀይ ሆኗል። የሸጠው ነጋዴ «አዲስ ነው» ከማለት በቀር ለደንበኛው ምንም አልነገረውም።

ስለዚህ ማንነቱን እንዲህ ያረጋግጡ። በመጀመሪያ፣ በጣት የሚለቅ ጽሑፍ ብቻውን የሐሰት ምልክት አይደለም፤ የድሮ እውነተኛ ቫልቭም ጽሑፉ ይለቃል። ካርቶኑም ማስረጃ አይሆንም፣ ምክንያቱም አንዱ ፋብሪካ የሠራው በሌላው ስም ይሸጥ ነበር። በፊሊፕስና በማላርድ ቫልቮች ላይ ከመስተዋቱ ግርጌ አጠገብ በደቃቅ ፊደል የተቀረጸውን ኮድ በማጉሊያ ይፈልጉ፤ ሁለተኛው መስመር በቢ ከጀመረ እንግሊዝ ብላክበርን፣ በኤክስ ከጀመረ ኔዘርላንድስ ሲታርድ የተሠራ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ብቻ ስለሆነ የትኛው አሥርት ዓመት እንደሆነ አይነግርዎትም። በአሜሪካዎቹ ላይ የፋብሪካ ኮዱ 274 አርሲኤን፣ 312 ሲልቫኒያን፣ 188 ጄኔራል ኤሌክትሪክን ያመለክታል። ኮድ ከሌለ መሣሪያውን አብርተው ይመልከቱ፦ 5ዋይ3 እና 5ዩ4 ፊላመንታቸው ራሱ ካቶድ ስለሆነ ሌሎቹ ቫልቮች ሳይሞቁ ቮልቴጁ በጥቂት ሴኮንድ ይወጣል፤ ጂዜድ34 ግን ካቶዱ እስኪሞቅ ይዘገያል። 5ዩ4ን ለመለየት ማሞቂያው የሚስበውን አምፐር መለካት ይበቃል።

መፍትሔው ትክክለኛውን ቫልቭ መመለስ ነው። ያለዎት ጂዜድ34 ብቻ ከሆነ፣ ትርፉን ቮልቴጅ የሚያስቀር ሬዚስተር ከመጀመሪያው ኮንዴንሰር በኋላ፣ ጭነቱ ሁሉ በእሱ በኩል እንዲያልፍ አድርገው ይበይዱ። ትርፉ 40 ቮልት፣ ጭነቱ 80 ሚሊአምፐር ቢሆን 500 ኦም ይሆናል፤ የሚያቃጥለው 3.2 ዋት ስለሆነ ባለ 10 ዋት ይግዙ። ባለ 5 ዋት ይበቃል የሚልዎትን አይስሙ።

ምልክት፦ ሲበራ በቫልቩ ውስጥ ብልጭታ ይታያል።

ኮንዴንሰሩ ሾርት ካልሆነ፣ «ጉምጉምታው ይጥፋ» ብሎ በ32 ማይክሮፋራድ ቦታ 100 የበየደ ሰው አለ ማለት ነው። የመጀመሪያው ኮንዴንሰር ወሰኑ ለጂዜድ34 60፣ ባለ ዘጠኝ እግር ለሆነው ኢዜድ81 ደግሞ 50 ማይክሮፋራድ ነው፤ ለ5ዋይ3 ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። የቀድሞውን መጠን ይመልሱ፤ መጨመር ካስፈለገ ከቾኩ (የማጣሪያው የሽቦ ጥምጥም) ወይም ከማጣሪያ ሬዚስተሩ በኋላ ያለውን ይጨምሩ።

ምልክት፦ ባለ ዘጠኝ እግሩ ቫልቭ ቶሎ ቶሎ ይሞታል።

ኢዜድ80 በኢዜድ81 ቦታ ተሰክቷል። እግራቸው አንድ ነው፤ የመጀመሪያው 90፣ ሁለተኛው 150 ሚሊአምፐር ይሸከማል።

ጫፉ ላይ ያለው ብርማ ቅብ ነጭ ከሆነ አየር ገብቷል፤ ይጣላል። በመስተዋቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ብቻ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን አይጎዳም፤ በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለ ሐምራዊ ጭጋግ ግን ጋዝ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ትንሽ ሬዲዮ ውስጥ 35ደብሊው4 ወይም 35ዜድ5 የሚባል ሬክቲፋየር ካገኙ፣ ሬዲዮው ትራንስፎርመር የለውም፤ የቫልቮቹ ማሞቂያ በተከታታይ የታሰረ ስለሆነ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ወዲያው ይበጠሳል። ሻሲውም (የብረት አካሉ) ከመብራት መስመር ጋር የተገናኘ ሊሆን ይችላል። ቮልቴጅ የሚቀንስ ኦቶትራንስፎርመር (አንድ ጥምጥም ብቻ ያለው) ከዚህ አደጋ አያድንም፤ ቮልቴጁን የሚቀንስ ሆኖ ሁለቱ ጥምጥሞቹ እርስ በርስ ያልተገናኙ ትራንስፎርመር ይጠቀሙ፣ ሻሲውን ከመንካትዎ በፊትም በእሱና በመሬት መካከል ቮልቴጅ ይለኩ።