ሆቨርፍላይን ፎቶ ስናነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

በብሪታንያ ጓሮዎች ቢጫና ጥቁር የለበሰ ሁሉ ተርብ አይደለም። አበባ ፊት አየር ላይ ቀጥ ብላ የምታንዣብበው፣ ውልብ ብላ ጠፍታ ተመልሳ የምትመጣው ሆቨርፍላይ ዝንብ ናት። አትናደፍም። በሀገሪቱ ከ280 በላይ ዝርያዎች አሏት። እነሱን በፎቶ ለመለየት የስልክ ካሜራ እንኳ ብዙ ያስኬዳል፤ ከታች ያሉትን ስህተቶች ካስወገድን።

በቀለም ብቻ መፍረድ

ቀለሙ ያለው ለማታለል ነው። ወፎች ተርብ መስላቸው እንዲተዉአት። ስለዚህ ክንፍ ቁጠሩ፤ ንብና ተርብ አራት አላቸው፣ ዝንብ ሁለት ብቻ። ክንፉ ካልታየ ፊቷን እዩ። ትልልቅ ዓይኖች፣ በአብዛኞቹ ላይ ደግሞ አጭር አንቴና ታገኛላችሁ። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር አይቪ የሚባለው ሐረግ ሲያብብ ድሮንፍላይ የምትባለው ሆቨርፍላይ ከማር ንብ ጋር ትምታታለች። እሷ ግን የኋላ እግሯ ላይ የአበባ ዱቄት ሸክም የላትም።

ከላይ ብቻ ማንሳት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እርግጥ ማርማሌድ ሆቨርፍላይን ከላይ አንስቶ መለየት ይቻላል። ብርቱካንማ ሆዷ ላይ ከወፍራሙ ጥቁር መስመር ሌላ እንደ ሪዝ የቀጠነ መስመር አለ። ሲርፈስ የሚባሉት ሆቨርፍላዮች ግን ከላይ ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው። ሴቷ ሲርፈስ ሪቤሲ የኋላ ጭኗ በአብዛኛው ቢጫ ነው፤ የሲርፈስ ቪትሪፔኒስ ሴት ጭን ደግሞ በአብዛኛው ጥቁር። ይህ የሚታየው ከጎን ነው። ስለዚህ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት አንሱ፤ ክንፏን ስትዘረጋም አትለፏት። ከፊትና ከላይ የተነሳው ፎቶ ጾታንም ይነግራል፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች የወንዱ ዓይኖች አናት ላይ ይገናኛሉ፣ የሴቷ ይራራቃሉ።

ጥላ መጣልና ማሳደድ

ጥላችሁ ካረፈባት በቃ፣ ሄደች። ዝቅ ብላችሁ ቀስ በሉ። ከበረረችም አትከተሏት፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ቅጠል ላይ ትመለሳለች። በዲጂታል ዙም ከመጎተት ጠጋ ብሎ አንስቶ በኋላ የፎቶውን ጠርዝ መቁረጥ ይሻላል።

ስም ለመስጠት መቸኮል

ከፎቶ ዝርያ የሚለይ የስልክ አፕ ስም ሲሰጣችሁ ወዲያው አትቀበሉ። ለምሳሌ ስፌሮፎሪያ የሚባለውን የሆቨርፍላይ ወገን አብዛኞቹን ሴቶች በፎቶ እስከ ዝርያ መለየት አይቻልም። "ስፌሮፎሪያ" ብሎ መተው ትክክለኛ መልስ ነው። በ1976 የተጀመረው የብሪታንያ የሆቨርፍላይ ምዝገባ እንደ እኛ ባሉ ተመልካቾች መረጃ ላይ የቆመ ነው። የተሳሳተ ስም ዝርያዎቹ የት እንደታዩ በሚያሳየው ካርታ ላይ የተሳሳተ ነጥብ ይሆናል። ሆርኔት የሚባለውን ትልቅ ተርብ የምትመስለው ቮሉሴላ ዞናሪያ ከ1940ዎቹ በፊት በብሪታንያ ብርቅ ነበረች፤ ዛሬ በደቡብ እንግሊዝ ጓሮዎች በብዛት ትታያለች። ይህን ያወቅነው ሰዎች ያዩበትን ቀንና ቦታ በትክክል ስለጻፉ ነው። እናንተም ቀኑንና ቦታውን እዚያው ያዙ።

እጮቹን መርሳት

ጽጌረዳ ላይ ክሽክሽ መሐል አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ፣ እግር የሌለው ትል ካያችሁ አትጨፍልቁት፣ መድኃኒትም አትርጩ። ክሽክሹን እየበላ ያለ የሆቨርፍላይ እጭ ሊሆን ይችላል። ከነክሽክሹ ፎቶ አንሱትና የተክሉን ስም ጻፉ።